አንዷ ያለበሰችው፣ ሌላዋ የገለጠችው ጋን

«ልጁን የሚድር አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህሩ።

ፍሬገነት የጠየቀቻቸው ግን ስለ ሠርግ አልነበረም። ስላነበበቻቸው መጻሕፍት የምትጽፍበት ብሎግ አላት። ዘንድሮ ገጹን የሚያሳምሩና የሚያፈጥኑ ፕለጊኖች፣ ማለትም ትንንሽ ረዳት ፕሮግራሞች፣ አንዱን በአንዱ ላይ ስትጭን ከረመች። በዚያ ቀን ጠዋት ብትከፍተው ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረባት። እርሷ የምትገባበት መግቢያ እንኳ ተዘጋ። ኮምፒውተር ያስተማሯትን አዛውንት ፍለጋ መጣችና ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «ሁሉም ጥሩ ናቸው፤ ለየብቻቸው ሠርተውልኛል። ታዲያ ማንኛው ነው ያፈረሰው? ሁሉንም ልጣላቸው ወይስ ብሎጉን ራሱን ልተወው?» አለቻቸው።

መምህሩ የመለሱላት በዚያ ሰው ታሪክ ነው።

ሰውዬው ሀብታም አልነበረም፤ ከጎረቤቱ ጋር ግን በፍቅር ይኖራል። ያጠራቀመውን ማር ሁሉ አውጥቶ ለሠርጉ ጠጅ ሊጥል ተነሣ። ያ ማር ካለቀ ሌላ የለውም፤ ንቦቹ ገና አበባ የሚጠብቁበት ወቅት ነበር። ሚስቱ ማሩን ወደ ጋኑ ስትገለብጥ፣ ረዳቶች ከመድረሳቸው በፊት፣ አንድ ማሰሮ ሙሉ ቀንሳ አፉን ከድና ጓዳ አኖረችው። ባሏ አይቶ ሳቀባት።

«ምነው አንቺ፣ ከራስሽ ድግስ ትሰርቂያለሽ?»

«እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር» አለችና መገልበጧን ቀጠለች።

በዚያ አገር ሠርግ ላለበት ቤት ረዳት አይጠራም፤ ራሱ ይመጣል። የመጣችውም «ምን ልሥራ?» አትልም፤ የምታውቀውን ትይዛለች። ባለቤቱም «ተዪው» አይልም፤ ነውር ነው። እናም አንዷ ጌሾ ወቀጠች፤ አንዷ እንጨት ለቀመች። ከመካከላቸው አንዲት ከደጋ የመጣች ሴት ጋኑን ብትነካው ቀዘቀዘባት። በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ እሳቱ አስጠጋችው፤ በአገሯ ጠጅ የሚፈላው እንዲያ ነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት የቆላ ሴት መጣች። ጋኑን ተጠቅልሎ ብታየው ደንግጣ ብርድ ልብሱን ገፈፈችና እርጥብ ጆንያ ጣል አደረገችበት፤ በእርሷ አገር ደግሞ ጠጅ ከመበላሸት የሚድነው እንዲያ ነው። በማግስቱ የደጋዋ ጠዋት መጥታ ጆንያውን አነሣችና መልሳ ጠቀለለችው፤ የቆላዋ ከሰዓት መጥታ ብርድ ልብሱን ገፈፈች። እርስ በርስ አልተያዩም። ሁለቱም በቅን ልብ ጋኑን እንደ ሕፃን ሲንከባከቡት ሰነበቱ።

ጋኑ ሲከፈት አረፋው ሞቷል። የሚሸተው ኮምጣጤ ነው።

ያኔ ቤቱ ተናወጠ።

«ጋኑ አራስ ነው እንዴ ብርድ ልብስ የምታለብሽው?» አለች የቆላዋ፣ ነገሩ ሲገባት።

«አንቺስ? ትኩሳት ይዞት ነው እርጥብ ጨርቅ የምትጥይበት?» አለች የደጋዋ።

«ኧረ እኔ ገና ሳየው ጌሾው በዝቷል ብያለሁ» ብላ ሦስተኛዋ ገባች፤ ጌሾ የወቀጠችው ማልቀስ ጀመረች።

ሠርጉ ገና ሳምንታት ቢቀሩትም ሰውዬው የባዶ ጋን ድግስ ታየው። አማቾቹ ደርሰው፣ ብርሌው ተደርድሮ፣ የሚቀዳ ሲጠፋ ታየው። «ሁላችሁም ከቤቴ ውጡ!» ሊል አፉን ከፈተ።

ሚስቱ ቀደመችው። «እኅቶቼ፣ ማንም እንዳይሄድ። እጃችሁን ብቻ ከጋኑ አንሡና ቁጭ በሉ» አለች። ጓዳ ገብታ ያኖረችውን ማር አወጣች። ከእርሱም ጥቂቱን በጥብጣ በትንንሽ ማሰሮዎች ከፋፈለችው። ከዚያ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። «አንቺ እንደ አገርሽ ሥሪ፤ በዚህ ማሰሮ የሌላ ሰው እጅ አይገባበትም» አለቻቸው።

ሲደርስ ቀመሰችው። ጌሾ የወቀጠችው ሴት ማሰሮ ጥሩ ነው። የደጋዋም ጥሩ ነው። የቆላዋ ዘገየ እንጂ እርሱም ጥሩ ነው።

«ታዲያ ጥፋተኛ የለም ማለት ነው?» አለ ባሏ ግራ ገብቶት።

«ቆይ እስቲ» አለችና ሁለት ሁለቱን በአንድ ማሰሮ ላይ አሠራቻቸው። አረፋው የሞተው የደጋዋና የቆላዋ አብረው የያዙት ማሰሮ ላይ ብቻ ነበር።

ሁለቱንም አልነቀፈቻቸውም። «ለጠጁ አንቺ ትበቂኛለሽ» አለቻት የደጋዋን። የቆላዋን ደግሞ «ለማይጠጡት እንግዶች ብርዝ አቀዝቅዢልኝ፤ እንዳንቺ የሚያውቅበት የለም» አለቻት። ባሏም የኮመጠጠውን ጋን ደፋ፤ እርሷ በተረፈው ማር አዲስ ጠጅ ጣለች።

በሠርጉ ቀን ጠጁ ብዙ አልነበረም፤ ግን ጠጅ ነበር። ሰውዬው የመጀመሪያውን ብርሌ ለአማቾቹ አልሰጠም። ወደ ጓዳ ገብቶ ለረዳቶቹ በየተራ በሁለት እጁ አቀበላቸውና፣ «ሳልጠራችሁ መጥታችሁ ደከማችሁልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው።

መምህሩ ወደ ፍሬገነት ዞሩ።

«ልጄ፣ ጋኑ ብሎግሽ ነው፤ ረዳቶቹ ፕለጊኖችሽ ናቸው። የሠሯቸው ሰዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም። አንዱ ገጽሽን ላፍጥን ብሎ የሚያስቀምጠውን፣ ሌላውም ላፍጥን ብሎ ይሰርዘዋል። አሁን ተነሺና መጀመሪያ ሁሉንም እጃቸውን ከጋኑ አስነሺ። መግቢያው ስለተዘጋብሽ ፋይሎቹ ወዳሉበት ሰርቨር ግቢና የፕለጊኖቹን ፎልደር ስም ለውጪው፤ ሁሉም ይቆማሉ። መግቢያው ሲከፈትልሽ የፕለጊኖቹን ዝርዝር ከፍተሽ መቆማቸውን እዪ፤ ከዚያ ስሙን መልሺና አንዱን ብቻ ሥራ አስጀምሪ። ገጹን እዪ። ደህና ከሆነ ሌላውን ጨምሪ። አንዱ ላይ ስትደርሺ ገጹ ከወደቀ፣ እርሱን ከመጣልሽ በፊት ከማን ጋር እንደተጋጨ ፈልጊ። አንድ ሥራ ሁለቱ ይዘውት ከሆነ አንዱ ይበቃሻል። ከእንግዲህ ደግሞ አዲስ ነገር ከመጫንሽ በፊት የብሎጉን ቅጂ አኑሪ፤ አዲሱንም በትንሿ ማሰሮ፣ በሙከራ ገጽ ላይ፣ ቅመሺው።»

«እኔ እኮ ምንም አላኖርኩም» አለች ፍሬገነት።

«ማሩን ነው የምትዪኝ?» አሉ መምህሩ ፈገግ ብለው። «የጻፍሽው ሁሉ የተቀመጠው ፕለጊኖቹ ካሉበት ተለይቶ በዳታቤዝ፣ ማለትም በመረጃ ቋት፣ ውስጥ ነው። ያ ሰው ጋኑን ደፍቷል፤ አንቺ ከእርሱ ትሻያለሽ። ነጭ የሆነው ገጹ ነው፤ ጽሑፍሽ እዚያው አለ።»

ፍሬገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሲከፈትልሽ» አሉ መምህሩ፣ «ለምታስቀሪውም ለምትተዪውም ፕለጊን ሠሪ አንድ አንድ መስመር ጻፊ። ከምን ጋር እንደተጋጨ ንገሪው፤ ያርመዋል። ግን በቅሬታ አትጀምሪ። ፕለጊን ሠሪው የት አገር እንደሚኖር አታውቂም፤ እርሱም አያውቅሽም። ሆኖም ሳትጠሪው ለድግስሽ ሲደክም ከርሟል። መጀመሪያ ብርሌውን አቀብዪው።»