የዳነ ይመስክር

በኮንሶ ሽፈራው የተባለውን ቅጠሉ የሚበላ ዛፍ እያለማች የምትኖር አንዲት ምላሰ ስል ሴት ነበረች። እናቷን የመርሳት ሕመም ይዟቸው የገዛ ልጃቸውን እስካለማወቅ ደርሰዋል። ሴትዮዋም ሽፈራው ለአእምሮ ይበጃል ሲባል ሰምታ ቅጠሉን እየቀቀለች ታጎርሳቸው ነበር።

አንድ ቀን ቅጠሏን የሚገዟት፣ የሽፈራው ዱቄት ፋብሪካ ያላቸው ዶክተር መንክር ካሜራ አስከትለው መጡና መንደርተኛውን ሰበሰቡ።

"ዝገት ብረትን እንደሚበላ ሁሉ አንጎልንም የሚበላ ነገር አለ። የእኔ ዱቄት ያንን ይከላከላል፤ መርሳትን ከሥሩ ይነቅላል!" ካሉ በኋላ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። "አንቺ፣ 'እናቴ የዳነችው በዚህ ዱቄት ነው' ብለሽ ካሜራው ፊት መስክሪ። እምቢ ካልሽ ከእንግዲህ ቅጠልሽን አንቀበልም።"

ሴትዮዋ ጥቂት አሰብ አደረገችና፣ "ለመሆኑ ጌታዬ፣ እስካሁን በዱቄትዎ ማን ዳነ?" ስትል ጠየቀች።

ዶክተሩ ደረታቸውን ነፍተው፣ "በቤተ ሙከራችን መንገድ ይጠፋባቸው የነበሩ አይጦች ዛሬ ሳይሳሳቱ ይሄዳሉ!" አሉ።

"እሰይ፣ ደግ ነው!" አለች ሴትዮዋ። "እኔም ምናልባት ይረዳት ይሆናል ብዬ እናቴን ማጉረሴን አልተውም። ምስክርነቱን ግን የዳኑት አይጦች ይስጡልዎ።"