ከፈተናው ክፍል ጋር ግድግዳ የተጋራው ወጥ ቤት

አንድ የሕክምና ተማሪ በድሮ ዘመን፣ በስፔን አገር በሚገኝ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲ ፀጉሩ እስኪሳሳ ድረስ ተማረ። ስሙ ጋስፓር ነበር። የቀረው የዶክተርነት ቆብ ብቻ ነው። ቆቡን ለማግኘት ሊቃውንቱ ፊት ቆሞ ለሚጠየቀው ሁሉ መልስ መስጠት ነበረበት። ያለፈ በትልቁ በር መለከት እየተነፋለት ይወጣል። የወደቀ ደግሞ ጥራጊ በሚወጣበት የጓሮ በር ሹልክ ይላል።

በዚያ ዩኒቨርሲቲ ልማድ ለፈታኞቹ ምሳ የሚያበላው ተፈታኙ ራሱ ነበር። በዚህ ላይ ግንቡን የሠሩት ሰዎች ወጥ ቤቱንና የፈተናውን ክፍል በአንድ ግድግዳ አዋስነዋቸዋል። ፈተናው ሲጀመር ጥብሱም ይጀመራል።

ከጋስፓር በፊት የተፈተነው ቤልትራን የሚባል የሱፍ ነጋዴ ልጅ ነበር። «ጉበት የት ይገኛል?» ቢሉት ግራ ቀኝ ጎኑን ዳበሰና «ከሰው ሰው ይለያያል» አለ። ፈታኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከግድግዳው ማዶ የበግ ጥብስ ሸተተ። «እንዴት ያለ ጥልቅ መልስ ነው!» አሉና ቆቡን ደፉለት። ወዲያውም እንደ አንድ ፈታኝ ከእነሱ ጋር ወንበር ተሰጠው።

የጋስፓር ቀን ደረሰ። ለምሳ የሚጠበሰው ቆቅ ነበር። የፈታኞቹ አለቃ ዶን መልቾር አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ደም ምንድን ነው? ባጭሩ።»

«ባጭሩ አይነገርም፣ ጌታዬ። ስለ ደም አራት አስተያየቶች አሉ። የመጀመሪያው...»

«ይበቃል። አልፈሃል።»

«ገና አልመለስኩም እኮ!»

«መለስክ፤ ሰማንህ።»

«ምን ሰማችሁ?»

ዶን መልቾር ቆቡን ዘረጉለት። ጋስፓር ቆቡን አጥብቆ ይፈልገው ነበር፤ ነገር ግን ቤልትራን ራስ ላይ ሲያየው የሌባ ኮፍያ ይመስለው ነበር። «በሥርዓቱ ካልጠየቃችሁኝ አልለብሰውም!» አለ።

«ጥጋበኛ!» አለ ቤልትራን። «ቆቁ እያረረ ነው!»

ጋስፓር አራቱንም አስተያየቶች አንድ በአንድ ተናገረ። ሲጨርስ ክፍሉ በጭስ ሽታ ታፍኗል። ፈታኞቹ በአንድ ድምፅ ጣሉትና ያረረውን ቆቅ እያማረሩ ሊበሉ ተቀመጡ።

ጋስፓር የጓሮውን በር ሳያልፍ ጩኸት ሰማ። የዶን መልቾር ጉሮሮ ላይ አጥንት ተቀርቅሯል። በማዕዱ ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ሐኪሞች ናቸው። አንዱ «ደም ይውጣላቸው!» አለ። ቤልትራን «እስቲ መጀመሪያ ጉበታቸውን ፈልጉ!» አለ። በመጨረሻ ጋስፓርን እየጎተቱ አመጡት።

«ሰው ታንቋል! ምን ይደረግ?»

የጋስፓር ፊት በራ። ይኸው በስተመጨረሻ ሳያቋርጡት ሊሰሙት ነው። «ስለ መታነቅ አራት አስተያየቶች አሉ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «የመጀመሪያው...»

ዶን መልቾር ጠረጴዛውን ደበደቡ። «ባጭሩ» ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ድምፅ ግን የለም። ፊታቸው ቀይ ሥር መሰለ። ጋስፓር ሁለተኛው አስተያየት ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን አየ፤ መልሱን ከልቡ የሚፈልግ ፈታኝ ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። የቀሩትን አስተያየቶች ተዋቸው። ሽማግሌውን ወደ ፊት አጎንብሶ መሀል ጀርባቸውን በመዳፉ መታቸው፤ ደግሞም መታቸው። አጥንቱ ተስፈንጥሮ የቤልትራን ቆብ ላይ አረፈ።

ዶን መልቾር ትንፋሻቸው ሲመለስ እንባቸውን ጠረጉ። «ቆቡን እንስጠው እንዴ?» አለ አንዱ።

«ሕግ ሕግ ነው» አሉ እሳቸው። «የወደቀ የሚፈተነው ለከርሞ ነው፤ ከአዲስ ምሳ ጋር።»

«እሺ፣ ጌታዬ» አለ ጋስፓር። «ለከርሞ ገንፎ ነው የማበላዎት።» የተረፈውን ቆቅ ከነሳህኑ አንስቶ በጓሮው በር ወጣ።

የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው፦ ምሳችን እንዳይቀዘቅዝ ብለን ሳንፈትን የምናሳልፈው ሰው አንድ ቀን ከታመምንበት አልጋ አጠገብ መጥቶ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ጉበታችንን ሲፈልግ ልንቆጣው አንችልም። አዋቂውም ቢሆን የሚያውቀውን ለማሰማት ሲል ሰው እስኪሞት ማስጠበቅ የለበትም።

እርስዎስ፣ ትናንት «ይህ ሊቅ ነው» ብለው ያጨበጨቡለት ሰው ምን አብልቶዎት ነበር?