የፊታውራሪው ስግደት

ፊታውራሪ ድልነሳሁ የድሃ መሬት ሲቀሙ ኖረው፣ ሲያረጁ ነፍሳቸው አሳሰበቻቸው። የነፍስ አባታቸው «የቀሙትን ይመልሱ፣ አርባ ቀንም ይስገዱ» ብለው ቀኖና ሰጧቸው። መመለሱን እንዳልሰማ ሰው አለፉት። ለስግደቱ ግን «ጉልበቴን ያመኛል» ብለው፣ መሬቷን የቀሟትን አንዲት ባልቴት አስጠሩና «በእኔ ስም ስገጂ» አሏት። እሳቸው ትራስ ተደግፈው ጠጅ እየጠጡ፣ እሷ አርባ ቀን ሰገደች።

በአርባኛው ቀን እንግዳ ጠርተው፣ «በይ፣ ጸድቄአለሁ ወይስ አልጸደቅሁም? አልጸደቁም ካልሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ» አሏት።

ባልቴቷ የግንባሯን አፈር ጠረገችና፣ «ኧረ ጸድቀዋል ጌታዬ!» አለች። «ብቻ የገነት መንገድ ዳገት ነው ይላሉ፤ ጉልበትዎን ደግሞ ያምዎታል። ሲጠሩዎት እርስዎ አይድከሙ፣ በስምዎ እኔው እገባልዎታለሁ።»