ፍየሏ ካልተነሳች ኬዙ አይወጣም

ተረት ልንገራችሁ። ከሩቅ ዘመን አይደለም፣ ከድሬዳዋ ነው፤ ያውም ከለገሃሬ ሰፈር። እዚያ ኢክራም የምትባል የሒሳብ መምህርት ከአባቷ ጋር ትኖር ነበር። አባቷ አቶ ኢድሪስ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጡ፤ ጥቂት ቆይቶ እግራቸው ታመመ፤ ከዚያ በኋላ ደጅ መውጣቱን ተዉትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋል ጀመሩ። ሲያናግሯቸው ይመልሳሉ፤ ካላናገሯቸው ቀኑ ያለ አንድ ቃል ይመሻል።

ኢክራም ጌም ትወዳለች። ባቡር የሚነዳበት ጌም እንዳለም ታውቃለች። እሱን የሚችል ኮምፒውተር ግን ተሠርቶ ሲሸጥ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ማዘርቦርዱን ከአንዱ፣ ግራፊክስ ካርዱን ከሌላው እያለች ዕቃውን ለቃቀመችና ራሷ ቤቷ ቁጭ ብላ ገጣጠመችው። የቀራት ኬዙ ብቻ ነበር፤ ያ ሁሉ ዕቃ የሚገባበት ሣጥን። ለጊዜው ብላ ከአንድ የሞተ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ አሮጌ ኬዝ ፈታችና ሁሉንም ጠቅጥቃ ከተተችው።

አባቷ መጀመሪያ ሳቁባት። ቀጥሎ እጃቸውን ዘረጉ። ቀጥሎ ባቡሩን አስነሱት። በሰው አገር፣ በረዶ በሸፈነው ተራራ ላይ እየነዱ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ ለልጃቸው እያስረዱ ሳለ፣ ዋሻው መሀል ሲደርሱ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። እንደገና አስነሱት፤ እንደገና ዋሻው ላይ ጠፋ። ኢክራም ኬዙን ስትነካው እጇን ፈጃት። ዙሪያውን ድፍን ነዋ። የድሬዳዋ ሙቀት ከውጭ፣ የኮምፒውተሩ ሙቀት ከውስጥ፤ ዕቃው እንዳይቃጠል ራሱን እያጠፋ ነበር።

"ተይው ልጄ" አሉ አባቷ። "ባቡሩም ከእኔ ጋር መሄድ ታክቶታል።"

ወንበራቸውንም ወደ ግድግዳው መለሱት።

እንግዲህ የኢክራም ፍላጎት ትንሽ ነበረች። የሚተነፍስ ኬዝ፣ ሌላ ምንም።

ቅዳሜ ጠዋት ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ወረደች። ሙራድ የሚባል የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ አለ፤ የምትፈልገውን ሳትጨርስለት ከመደርደሪያው ላይ ነጭ ኬዝ አወረደላት። ፊቱ መስታወት ነው፣ ውስጡ በየቀለሙ መብራት ይፈካል። እውነት ለመናገር ዓይኗ ከእሱ አልነቀል አላት፤ እንዲህ ያለ ኬዝ ይኖረኝ ይሆን እያለች ስንት ጊዜ አልማለች። ግን መዳፏን መስታወቱ ላይ አድርጋ ዙሪያውን ዳሰሰችው። አየር የሚገባበት የለውም። መልክ አለው፣ አፍንጫ የለውም። የአባቷ ጀርባ ትዝ አላትና ኬዙን መለሰችለት፤ ፊቱ ወንፊት የሆነ እንዳለውም ጠየቀችው።

ሙራድ አንድ ቀርቶኛል አለ። ጥቁር ነው፣ ፊቱም አናቱም ወንፊት፣ ትልልቅ ፋን ያለው። ችግሩ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው፤ የመጋዘኑ የብረት በር ደግሞ ማጠፊያው ተሰብሮ መሬቱን ነክሶ ቆሟል። ገፍቶ ቢጥለው ዕቃው ሁሉ ሜዳ ላይ ሊያድር ነው። በያጅ መጥቶ ማጠፊያውን ሳይበይድ በሩን አይነካውም።

"በሩ ካልተከፈተ ኬዙ አይወጣም" አላት። "ነጩን ውሰጂና ተገላገይ።"

ነጩን አልወሰደችም። ወደ በያጁ ሄደች።

በያጁ ሱቁ በራፍ ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። በሩን ስትነግረው ሥራው የአፍታ ነው አለ። ነገር ግን መበየጃው የለም። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ለሥራ ወስዶት ነበር፤ ሲጨርስ ባጃጅ ላይ ጭኖ ልኮታል፣ ባጃጁ ግን የውኃ ሽታ ሆኗል። በባዶ እጁ ምን ያድርግ? ባጃጁ ካልሄደ መበየጃው አይመጣም፣ መበየጃው ካልመጣ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ኬዙ አይወጣም።

ኢክራም ባጃጁን ፍለጋ ወጣች።

የደቻቱ ወንዝ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። ባጃጁ እዚያው ዳር፣ መበየጃውን በገመድ ጠፍሮ እንዳዘለ፣ በአንድ ጎኑ አዘንብሎ ቆሟል። ነጂው ጥላው ውስጥ ተጋድሟል። ሌላ ባጃጅ ላይ እንጫነው ብትለው አንገቱን ነቀነቀ፤ ያን ብረት ማንሳት የወንዶች ጉልበት ይጠይቃል፣ ደግሞ ያን ክብደት እሺ ብሎ የሚጭን ሞኝ እሱ ብቻ ነው። ጎማው ተንፍሷል፣ ስኮርታውም ቀድሞ የተነፈሰ ነው። ጎማውን ጎሚስታው ወስዶታል፣ ጎሚስታው ደግሞ እስካሁን አልመለሰውም።

"ምን ላድርግሽ እህቴ" አላት። "ጎማው ካልተጠገነ ባጃጁ አይሄድም።"

የቀረውን ራሷ ጨረሰችለት። ባጃጁ ካልሄደ መበየጃው አይመጣም፣ መበየጃው ካልመጣ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ኬዙ አይወጣም። ነጂው ምን ኬዝ እንደሆነ ባይገባውም አዘነላት፤ ጎሚስታው ያለበትንም በጣቱ አሳያት።

ጎሚስታው ሽበት የጣለበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የውስጡን ጎማ ነፍቶ ጭኑ ላይ አጋድሞታል፣ ጆሮውንም ለጥፎ ያዳምጣል። ቀዳዳው መርፌ የወጋው ያህል ነው፣ ይተነፍሳል ግን አይሰማም። ውኃ ውስጥ ቢነክረው አረፋው ወዲያው ይነግረው ነበር። ገንዳው ግን ደረቅ ነው። በሰፈሩ ያን ቀን የመንግሥት ውኃ የለም፤ ያለው ከአጥሩ ወዲያ፣ የጎረቤቱ የእትዬ አስካለ ሮቶ ውስጥ ብቻ ነው። እሳቸውም ሁልጊዜ በጎማ ቧንቧ ይለቁለት ነበር፤ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ቢጣራ ቆይ፣ ቆይ ይሉታል።

"ጋሼ፣ እኔ ልጠይቅልዎት" አለችው ኢክራም።

"ብትጠይቂልኝ ጥሩ ነው ልጄ። ውኃው ካልመጣ ጎማው አይጠገንም።"

ጎማው ካልተጠገነ ባጃጁ አይሄድም፣ ባጃጁ ካልሄደ መበየጃው አይመጣም፣ መበየጃው ካልመጣ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ኬዙ አይወጣም። ይህን በልቧ እያለች የእትዬ አስካለን በር አንኳኳች። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ኢክራምን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነጩ ኬዝ ዳግም ዓይኗ ላይ መጥቶባት ነበር።

እትዬ አስካለ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በሩን ሲከፍቱላት ፊታቸው ጠቁሯል። ሮቶው ከፍ ያለ የብረት ቆጥ ላይ ተቀምጧል፤ ቧንቧው ከቆጡ ሥር፣ ጥጉ ላይ ነው። ከቆጡ ሥር ባለው ጥላ ውስጥ ደግሞ አንዲት ነጭ ፍየል ቧንቧውን ተደግፋ ተኝታለች። ሆዷ ይነሳል፣ ይወድቃል።

ምጥ ይዟታል። የመጀመሪያዋ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ትገፋለች፣ አልወጣ ብሏታል። እትዬ አስካለ ሊያስነሷት አልጨከኑም፤ ሌላ ከብት የላቸውም፣ ከፍየሏ በቀር ግቢያቸው ውስጥ የሚተነፍስ የለም።

ኢክራም የመጣችበትን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ፍየሏ ካልወለደች አትነሳም፣ ፍየሏ ካልተነሳች ውኃው አይመጣም፣ ውኃው ካልመጣ ጎማው አይጠገንም፣ ጎማው ካልተጠገነ ባጃጁ አይሄድም፣ ባጃጁ ካልሄደ መበየጃው አይመጣም፣ መበየጃው ካልመጣ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ኬዙ አይወጣም። ይህ ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ፍየሏ አንገቷን አዙራ ስታያት ተወችው። ከዚህ ወዲያ ሄዳ የምትለምነው ሰው የለም። ጫማዋን አወለቀችና ከቆጡ ሥር ገባች።

እትዬ አስካለ ከአጠገቧ ተንበረከኩ። አንድ ሰኮና ብቅ ብሏል፤ ሌላው እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ቀርቷል፣ የያዘውም እሱ ነው። ጣቶቻቸውን አሳዩዋት፤ ቁርጥማት አጣሞ አድርቋቸዋል።

"እጄ እንደ ድሮው ቢሆን ራሴ አወጣው ነበር" አሉ። "ያንቺ ቀጭን ነው።"

"እትዬ፣ እኔ በሕይወቴ ፍየል ነክቼ አላውቅም።"

"እሷም ወልዳ አታውቅም።"

ኢክራም በያዘችው የመጠጥ ውኃና በሳሙና እጇን ታጠበች፣ እትዬ አስካለ ዘይት አፈሰሱላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኢክራም ራሷ በደንብ አታስታውሰውም። ሙቀቱን ታስታውሳለች፤ "ስትገፋ አትንኪ፣ ስታርፍ ግቢ" የሚለውን ድምፅ ታስታውሳለች። በጣቶቿ የግልገሉን ጉልበት አገኘች፣ ያችን ትንሽ፣ የታጠፈች ጉልበት። ሰኮናውን በመዳፏ ሸፍና ቀስ አድርጋ ወደ ፊት አመጣችው። ፍየሏ አንዴ ጮኸች። ከዚያ ግልገሉ ተንሸራትቶ ጭኗ ላይ ወደቀ።

አይንቀሳቀስም።

እትዬ አስካለ አፍንጫውን ጥረጊ አሏት፤ ጠረገች። ጎኑን እሺው አሏት፤ አሸችው። የገለባ ጫፍ አንስተው ሰጧት፣ አፍንጫው ውስጥ ሰደድ አደረገችው። ግልገሉ አስነጠሰ። እንደገና አስነጠሰ፣ ራሱን አራገፈ፣ ቀጭን ድምፅ አወጣ። እትዬ አስካለ በዚያ በደረቀ እጃቸው አፋቸውን ይዘው "ተመስገን፣ ተመስገን" አሉ። ኢክራም ስትስቅ ዕንባዋ መጣ፤ ቀና ብላ ጭንቅላቷ ከብረቱ ጋር ቢጋጭም አልታወቃት።

ግልገሉ ሲጮህ እናቱ ሰማች፣ ልትልሰው ከቧንቧው ተነሳች።

ከዚያስ? ከዚያማ ምን ይዞት። ፍየሏ ወለደችና ተነሳች፣ ፍየሏ ስትነሳ ውኃው መጣ፣ ውኃው ሲመጣ አረፋው ቀዳዳውን አጋለጠና ጎማው ተጠገነ፣ ጎማው ሲጠገን ባጃጁ ሄደ፣ ባጃጁ ሲሄድ መበየጃው መጣ፣ መበየጃው ሲመጣ በሩ ተከፈተ፣ በሩ ሲከፈት ኬዙ ወጣ። ኢክራም ከመበየጃው ጋር ባጃጁ ላይ ተሳፍራ ነበር፤ ቀሚሷ በደምና በአሸዋ ተለውሷል፣ ፊቷ ግን በርቷል። ሙራድ አያትና መጋዘኑ ገብቶ ጥቁሩን ኬዝ አቧራውን እያራገፈ አመጣላት። ፊቱን በመዳፏ ነካችው። አየር ያስገባል።

ቤት እንደገባች ዕቃውን ከአሮጌው ኬዝ ፈትታ ወደ አዲሱ አዛወረችው። ለእያንዳንዱ የሚበቃ ቦታ ነበረው፤ ሽቦው ሳይጨናነቅ ከኋላ ታሰረ። ስታበራው ፋኖቹ መሽከርከር ጀመሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም። አባቷን አልለመነቻቸውም። ጌሙን ከፍታ፣ ባቡሩን ጣቢያው ላይ አቁማ፣ አሁን የት ላይ ነው ፍሬን የሚያዘው ብላ ጠየቀቻቸው።

አቶ ኢድሪስ ወንበራቸውን አዞሩና አንቺ አትችዪውም አሏት።

በረዶው መሀል ወጡ። ቁልቁለቱን ወረዱ። ዋሻው ሲደርሱ ኢክራም ትንፋሿን ይዛ እጇን ኬዙ ላይ አሳረፈች፤ ለብ ብሏል፣ ከዚያ አላለፈም። ጨለማው ረዘመ። ብርሃኑ ከፊት ብቅ አለ። ባቡሩ ከዋሻው ወጣ፣ ከእሱ ወዲያ አባቷም እሷም አይተውት የማያውቁት ሸለቆ ተዘረጋ፣ ከሥሩ ትልቅ ሐይቅ። ኢክራም የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

አቶ ኢድሪስ ዓይናቸውን ከባቡሩ መስኮት ሳይነቅሉ "የምጠጣው ውኃ አቀብዪኝ" አሉ። "መንገዱ ገና ረጅም ነው።"

የእኔ ተረት ግን ጣቢያዋ ደርሳለች፤ ወራጅ ካለ ይውረድ።