ደም ሳይቀዳ የወጣ ውጤት

አንዲት ሴት ነበረች። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ሐኪም አይደለችም፤ ነርስም አይደለችም። መርፌ ስታይ ፊቷን የምታዞር ሰው ናት። ሥራዋ የሆስፒታሉን ኮምፒዩተሮች መጠበቅ ነው።

የሆስፒታሉን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ስብከቱን ትታችሁ "የእኔም ውጤት እዚያ ዘግይቶብኝ ነበር" ልትባባሉ ነው። አውቃችኋለሁ! ሴትየዋን ግን ትርሲት እንበላት።

በዚያ ሆስፒታል ላቦራቶሪው የራሱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለው። ሕመምተኞች የሚተኙበት ክፍልም የራሱ አለው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከዚህ ተቀብሎ እዚያ የሚያደርስ፣ እንደ ተላላኪ ያለ ሌላ ፕሮግራም አለ። እኔ ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው እንቢ ሲል አጥፍቶ ማብራትን ብቻ ነው። ስለዚህ እሷ እንዳስረዳችኝ ነው የማወራችሁ።

እያንዳንዱ ፕሮግራም የሠራውን ሁሉ በራሱ መዝገብ ይጽፋል። "በዚህ ሰዓት ይህን ተቀበልኩ፤ በዚህ ሰዓት ያንን ላክሁ" ይላል። ማንም ሳያዘው ይጽፋል። ግን የሚጽፈው የራሱን ብቻ ነው። የጎረቤቱን አያውቅም።

ታዲያ አንድ ችግር ነበር። የደም ምርመራ ውጤት አንዳንድ ቀን ይዘገያል። ሁልጊዜ ቢዘገይ ኖሮ ምክንያቱ ይገኝ ነበር። ዛሬ በሰዓቱ ይደርሳል፣ ነገ ደብዛው ይጠፋል።

ሰኞ ሰኞ የየክፍሉ ኃላፊዎች ይሰበሰባሉ።

"ላቦራቶሪ እንዴት ናችሁ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእኛ በኩል ሰላም ነው። ውጤቱን በአርባ ደቂቃ አውጥተን ልከናል።"

"አስተኝቶ ማከሚያስ?"

"ተመስገን ነው። የደረሰንን ውጤት ወዲያው ለሐኪም እናሳያለን። ያልደረሰንን ከየት እናምጣው?"

ስብሰባው በምስጋና ተጀምሮ በምስጋና ያልቃል። ሁሉም ደህና ነው። ሕመምተኛው ብቻ ነው ደህና ያልሆነው!

ከእነዚህ ሰዎች መካከል የዋሸ ማነው? እስቲ ንገሩኝ። ላቦራቶሪው ልኳል፤ መዝገቡ ይመሰክራል። ክፍሉ አልደረሰውም፤ የእሱም መዝገብ ይመሰክራል። ወገኖቼ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ አንድም ውሸታም አልነበረም። ይህን ያዙልኝ።

ትርሲት መላ ፈለገች። የሁሉም ፕሮግራሞች መዝገብ አንድ ቦታ ይሰብሰብ አለች። ማዕከላዊ የመረጃ ቋት ይሉታል በእነሱ ቋንቋ። የላቦራቶሪውም፣ የክፍሉም፣ የተላላኪውም መዝገብ በየደቂቃው ወደዚያ ይገባል። ያን ጊዜ አንድ የደም ናሙና ከተቀዳበት ጀምሮ ሐኪም እጅ እስኪገባ የት የት እንደዋለ ጎን ለጎን ይታያል።

መቼም አዲስ ነገር ሲመጣ ሰው ይጠረጥራል። የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ወንድይራድ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ሠርተዋል። "ልጄ፣ ልትሰልይን ነው እንዴ?" አሏት በሰው ፊት። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ከፍቷት ነበር።

ቋቱ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ትርሲት ስትመለከት ምን አየች? ደሙ የተቀዳው ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው ይላል፤ ኮምፒዩተሮቹ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ሰዓት ነውና ጠዋት ማለት ነው። ውጤቱ የወጣው ደግሞ በዚያው ቀን ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው ይላል። ደሙ ሳይቀዳ ውጤቱ ወጥቷል!

አለቃዋን ጠየቀች። "ይሄማ የተበላሸ መረጃ ነው። ወደ ጎን አድርጊውና ጥሩውን ብቻ ሪፖርት አድርጊ" አላት። እሷም እንዲህ ያሉት መስመሮች ለብቻቸው እንዲቀመጡ አዘዘች። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ አማረ። ሰኞ ሲመጣ እሷም በተራዋ "በእኛ በኩል ሰላም ነው" ማለት ጀመረች። እንዲህ እየሆነ ሦስት ወር አለፈ።

አንድ ዓርብ ቢሮዋ ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"የኮምፒዩተሩ ባለቤት አንቺ ነሽ አሉኝ።"

"ምን ልርዳዎት አባቴ?"

"የሚስቴን ውጤት ኮምፒዩተሩ ያዘው ይሉኛል። ምን አጥፍታ እንደሆነ አላውቅም። እባክሽ ልጄ፣ አስለቅቂልኝ።"

አቶ ጥሩነህ ይባላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጡ እንቅርት ጉሮሯቸውን ተጭኗቸው በጀርባቸው መተኛት ካቆሙ ቆይተዋል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ትራስ ደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነው የሚያሸልቡት። ቀዶ ሐኪሙ ከሌላ ከተማ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ጠዋት የተቀዳው ደም ውጤት በእኛ አቆጣጠር እስከ አራት ሰዓት ካልደረሰ ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል። ሁለት ሐሙስ እህል ሳይቀምሱ ደም ሰጡ። በሁለቱም ሐሙስ ውጤቱ ሳይደርስ ቀረ።

"የፊታችን ሐሙስ የመጨረሻው ነው" አሏት አቶ ጥሩነህ። "ዶክተሩ ለትምህርት ሊሄድ ነው። ሦስት ወር አይመለስም። እሷ ሦስት ወር... " ብለው ባርኔጣቸውን ይጠመዝዙ ጀመር።

ትርሲት ሽማግሌውን ሸኝታ ኮምፒዩተሯ ላይ ተቀመጠች። የወይዘሮ በለጡን ስም በዚያ ባማረው ሪፖርት ውስጥ ፈለገች። የለም። የት ሊሆን ይችላል? ወደ ጎን ያደረገቻቸውን፣ የተበላሹ የተባሉትን መስመሮች ከፈተች። ሁለቱም ሐሙሶች እዚያ ነበሩ።

ብቻቸውንም አልነበሩም። የተላላኪውን ፕሮግራም መዝገብ ከጎናቸው አድርጋ አንድ በአንድ ስታነብ ነገሩ ገባት። ተላላኪው ውጤቱን ይቀበላል፤ ሰዓቱን ያያል፤ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት የወጣ ሆኖ ያገኘዋል። "ይህ የዚህ ሰው ሊሆን አይችልም" ብሎ ሰው መጥቶ እስኪያይለት ያስቀምጠዋል። ማስቀመጡንም በመዝገቡ ጽፏል። ያን መዝገብ የሚከፍት ሰው ግን አልነበረም።

ትርሲት ቅዳሜንም ሰኞንም ማክሰኞንም ስታጣራ ሰነበተች። እነዚያ መስመሮች በሙሉ የመጡት ከላቦራቶሪው ሁለተኛ ኮምፒዩተር ነበር፤ የተኙ ሕመምተኞች ውጤት በእሱ የሚላከው ሥራ ሲበዛ ብቻ ነው። ረቡዕ ረፋድ ላይ ወረቀቷን ይዛ ወደ አቶ ወንድይራድ ሄደች።

"ጋሼ፣ የዚህ ኮምፒዩተር ሰዓት ስንት ይላል?"

"ትክክለኛውን ነዋ! አሁን አምስት ሰዓት ነው፤ እሱም አምስት ይላል።"

"የሌሎቹስ?"

"የሌሎቹማ የፈረንጅ ነው። አሥራ አንድ ይላሉ።"

"ማን ቀየረው ጋሼ?"

"እኔ ነኛ!" አሉ ኮራ ብለው። "ለተመላላሽ ሕመምተኛ ወረቀት የሚወጣው ከዚህ ነው። አንዲት እናት ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ሰዓት የሚል አይታ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት መጣች። ለካ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለማለት ነው። ሐኪሟ ሄዷል። እዚህ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። አልቻልኩም። በዚያው ቀን ወደ እኛ ሰዓት መለስኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አልተንከራተተም።"

ትርሲት ወረቀቱን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

"ደሙ ሳይቀዳ?" ብለው ሳቁ። ቀጥለው አነበቡ። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ።

"ስንት ሰው ነው?"

"ሁለት መቶ አሥራ አራት።"

አቶ ወንድይራድ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እኔ'ኮ ሰው እንዳይንከራተት ብዬ ነው" አሉ።

"አውቃለሁ ጋሼ። እኔም'ኮ የተበላሹ ናቸው ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ወደ ጎን ስገፋቸው ነበር። ከእርስዎ እኔ እብሳለሁ። እኔ አይቻቸዋለሁ።"

በዚያው ሰዓት ሰዓቱን አስተካከሉት። ለሕመምተኞች በሚሰጠው ወረቀት ላይ ደግሞ አቶ ወንድይራድ በገዛ እስክሪብቷቸው የእኛን ሰዓት ከጎኑ መጻፍ ጀመሩ።

ሐሙስ ሆነ። የወይዘሮ በለጡ ደም ተቀዳ። ትርሲት ቋቱን ከፍታ ትከታተላለች። ደሙ ላቦራቶሪ ገባ። ውጤቱ ወጣ። ተላላኪው ተቀበለ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ክፍሉ ደረሰ። በእኛ ሰዓት ሦስት እንኳ አልሞላም ነበር። ወይዘሮ በለጡ በተሽከርካሪ አልጋ ሆነው ወደ ቀዶ ሕክምና ገቡ።

አቶ ጥሩነህ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ጋውን የለበሱ ሰው መጥተው ፊታቸው ቆሙ።

"ወንድይራድ እባላለሁ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ነኝ። ሁለቱን ሐሙስ ያስቀረኋችሁ እኔ ነኝ።"

አቶ ጥሩነህ ቀና ብለው አዩአቸው። "ኮምፒዩተሩ ነው ብለውኝ ነበር።"

"አይደለም። እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

ሽማግሌው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። "እንግዲያው ይቀመጡ" አሉ፤ "አብረን እንጠብቃት።"

ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አብረው ጠበቁ። ወይዘሮ በለጡ በሰላም ወጡ። በሳምንቱ በጀርባቸው ተኝተው አደሩ።

ወገኖቼ፣ እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስጨንቀኝ ክፉ ሰው አለመኖሩ ነው። ክፉ ሰው ቢኖር ይቀለን ነበር። ክፉውን አስወጥተን እፎይ እንል ነበር። ግን ላቦራቶሪው ትጉህ ነው። ነርሶቹ ትጉሃን ናቸው። አቶ ወንድይራድ ለአንዲት እናት እንባ የራሩ ሰው ናቸው። ይህ ሁሉ ደግነት እያለ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ጠበቀ።

የእኛስ ቤት እንዴት ነው? ባል የራሱ መዝገብ አለው። "ሠራሁ፣ አመጣሁ፣ ሰጠሁ" ይላል፤ እውነቱን ነው። ሚስት የራሷ መዝገብ አላት። "አልደረሰኝም" ትላለች፤ እሷም እውነቷን ነው። እና ስንጣላ ምን እናደርጋለን? የየራሳችንን መዝገብ ይዘን እንጮሃለን። ጸሎታችን እንኳ የራሳችንን ገጽ ለእግዚአብሔር ማንበብ ሆኗል። እሱ ግን ያንተን በሰማበት ጆሮ የእሷንም ይሰማል። በእሱ ፊት ሁሉም ጎን ለጎን ነው።

ደግሞ ከሪፖርታችን ጋር የማይሄደውን ወደ ጎን እንገፋለን። ልጁ ሲያኮርፍ "ጠባዩ ነው" እንላለን። ጓደኛ ሲርቅ "ተቀይሯል" እንላለን። ተበላሽቷል ብላችሁ ወደ ጎን ያደረጋችሁት መስመር ውስጥ ማን አለ? ከፍታችሁ አንብባችሁታል?

እኔ እዚህ ቆሜ የምናገረው ስለ እናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትርሲት ይህን ባጫወተችኝ ሳምንት ባለቤቴንና ሁለቱን ሴቶች ልጆቼን ሰብስቤ "በእኔ ምክንያት ምን ስትጠብቁ ቆያችሁ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ታናሺቱ "አባዬ፣ ስብከትህ እስኪያልቅ" አለች። ሳቅን።

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። "ሐኪም ዘንድ አብረኸኝ እንድትሄድ ከነሐሴ ጀምሮ እየጠበቅኩህ ነው" አለችኝ።

አፌን ከፍቼ ነበር። "ሂጂ ብዬሽ የለም እንዴ? መኪናውንስ ትቼልሽ አልሄድኩም?" ልላት ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ በእኔ መዝገብ ተጽፏል። ግን እሷ የፈለገችው መኪና አልነበረም። ፈርታ ነበር። ብቻዋን መስማት ፈርታ ነበር። እኔ በዚያ ሁሉ ወር የሰው ሚስት ሆስፒታል ስጠይቅ ነበር የከረምኩት። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ማክሰኞ አብረን ሄድን።

እናንተም ዛሬ ጠይቁ። ለመጠየቅ ትርሲትን መሆን፣ ቋት መክፈት አያስፈልጋችሁም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይበቃል። መልሱ ሲመጣ ግን ምክንያት አትደርድሩ። የእናንተን መዝገብ ለማውጣት አትቸኩሉ። ተናግረው እስኪጨርሱ ስሟቸው።

የመዝጊያ ጸሎቱን ዛሬ አሳጥረዋለሁ። ቤት የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።