አልዞር ያለው የመጋዝ ሰንሰለት

«ልጄ፣ አንዴ ጠይቀህ አትመለስ፤ ደግመህ ጠይቅ» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና። ፊደል ብዙም አልቆጠርኩ፤ ይህችን ግን ይዣታለሁ።

እንግዲህ ስሙኝ። አንዲት ሴት ምጥ ይዟት መንገድ ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስዳት መኪና ዳገቱን ሲወጣ፣ በዝናቡ የወደቀ ትልቅ ዝግባ መንገዱን ዘግቶ ጠበቀው። ዛፉን ልቆርጥ ቀድሜ ደርሼ ነበር። ግን የሞተር መጋዜ ሰንሰለት ሙጫና ፍቅፋቂ ይዞት ስለነበር ፈታሁት፣ ጠረግኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። ከገጠምኩት በኋላ ድርቅ አለ። በጣቴ ብስበው ወይ ፍንክች!

ሹፌሩ አየነው ወርዶ አናቴ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ይቆርጣል ወይስ ለጌጥ ነው የያዙት?» አለኝ።

በስመ አብ ብዬ ሰንሰለቱን ለመንኩት። «ሰንሰለት ሆይ፣ ዙር! አንተ ካልዞርክ ዛፉ አይቆረጥም፤ ዛፉ ካልተቆረጠ መንገዱ አይከፈትም፤ መንገዱ ካልተከፈተ መኪናው አያልፍም፤ መኪናው ካላለፈ ሴትዮዋ አትደርስም።»

ሰንሰለቱም «እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ? መወጠሪያው ብሎን አጥብቆ ይዞኛል» አለ።

«ብሎን ሆይ፣ ላላ! አንተ ካልላላህ ሰንሰለቱ አይዞርም፤ ሰንሰለቱ ካልዞረ ዛፉ አይቆረጥም፤ ዛፉ ካልተቆረጠ መንገዱ አይከፈትም፤ መንገዱ ካልተከፈተ መኪናው አያልፍም፤ መኪናው ካላለፈ ሴትዮዋ አትደርስም።»

ብሎኑም «ይኸው ላላሁ። ዞረ እንዴ? ይልቅ ሰንሰለቱን የሚነዳውን ጥርሳም መዘውር ጠይቀው» አለኝ። ብጠይቀው መዘውሩም «የሰንሰለቱ ማቆሚያ ፍሬን ወገቤን አንቆ ይዞኛል» አለ።

ከመኪናው ውስጥ ሴትዮዋ «ኧረ በማርያም! ልጁ እናንተን አይጠብቅም!» ብላ ጮኸች። አየነው «ጋሼ፣ ከብረት ጋር ጨዋታዎን ይተዉ!» አለኝ።

«ፍሬን ሆይ፣ ልቀቅ! አንተ ካልለቀቅህ መዘውሩ አይዞርም፤ መዘውሩ ካልዞረ ሰንሰለቱ አይዞርም፤ ሰንሰለቱ ካልዞረ ዛፉ አይቆረጥም፤ ዛፉ ካልተቆረጠ መንገዱ አይከፈትም፤ መንገዱ ካልተከፈተ መኪናው አያልፍም፤ መኪናው ካላለፈ ሴትዮዋ አትደርስም።»

ፍሬኑም «እጀታዬ ወደ ፊት ተገፍቷል። እሱ ሳይመለስ አለቅም» አለ።

«እጀታ ሆይ፣ ማን ገፋህ?»

«አንተ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ልፈታው ስል ሰንሰለቱ እጄን እንዳይበላኝ እኔው ራሴ ገፍቼው ነበር፤ ረሳሁት። ብረቱን ሁሉ ስወቅስ ቆይቼ፣ ለካ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔ መዳፍ ላይ ነው! አንዲት ነፍስ ወደዚህ ዓለም ልትመጣ መንገድ ላይ ናት፤ መንገዷ የተያዘው ጣት በምታህል የፕላስቲክ እጀታ ነው። የጌታ ሥራ አስፈራኝ። «ይቅር በለኝ» ብዬ እጀታውን ወደ ራሴ ሳብኩት።

ቀጭ!

እጀታው ተመለሰ፤ ፍሬኑ ለቀቀ፤ ብሎኑን በልኩ አጠበቅኩት፤ ሞተሩ ተነሣ፤ መዘውሩ ዞረ፤ ሰንሰለቱ ዞረ፤ ዛፉ ተቆረጠ፤ ግንዱን ከአየነው ጋር ገፍተን አንከባለልነው፤ መንገዱ ተከፈተ፤ መኪናው አለፈ፤ ሴትዮዋ ደረሰች።

በማግስቱ የቀረውን ግንድ ስቆራርጥ ያው መኪና ቁልቁል መጥቶ አጠገቤ ቆመ። መስኮቱ ወረደ። እሷው ናት፤ ደረቷ ላይ በነጠላ የተጠቀለለች አንዲት ፍጥረት አቅፋለች። ፊቷ ከጡጫዬ አይበልጥም። እንባዬ መጣ። መጋዙ እጄ ላይ እያጓራ፣ ከድምፁ በላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብዬ ጮህኩ።

የሴትዮዋን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ መጋዙን ያጥፉት፤ ልጄ ተኝታለች።»