የእመት አህዪት ዶሮዎች

አንድ ጊዜ በአራዊት ሰፈር ጥግ፣ ከአያ ጅቦ አጥር አጠገብ፣ እመት አህዪት የምትባል በዕድሜ የገፋች አህያ ትኖር ነበር። ልጆቿ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። እሷም ከማርጀቷ የተነሣ ጀርባዋ ላይ የሚጣበቀውን መዥገር በጭራዋ ማራገፍ አቅቷታል። ታዲያ በአንዱ ክረምት ሸለምጥማጥ ያሳደዳቸው ዶሮዎች ከግቢዋ ገብተው ተጠለሉ። ከጭራሮና ከሣር ቤት ሠራችላቸው፤ እነሱም በየጠዋቱ ጀርባዋ ላይ እየወጡ መዥገሯን ይለቅሙላት ጀመር። ከመካከላቸው ገብስማ የምትባለው ዶሮ ደግሞ ጨዋታ የማያልቅባት ስለነበረች፣ እመት አህዪት ብቸኝነቷን እየረሳችው መጣች።

አንድ ቀን ቀበሮ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ።

«እመት አህዪት፣ ደስ የማይል ወሬ ይዤ መጣሁ» አለ። «በሰፈራችን ውስጥ ዶሮ ማኖር በሕግ ተከልክሏል። አያ አንበሶ እነዚህን ያገኘ እንደሆነ ያንቺንም ቤት ጨምሮ ያፈርሰዋል።»

የእመት አህዪት ጆሮዎች ወደቁ። «ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል? ከሰፈሩ ውጪ፣ ከጉብታው ጀርባ ሰፊ ጉድጓድ አለኝ። ሕጉ እዚያ አይደርስም። ማምሻውን መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፤ ሲናፍቁሽ ብቅ እያልሽ ታያቸዋለሽ።»

ቀበሮ እንደ ሄደ፣ ከውስጥ ሆና ስትሰማ የቆየችው ገብስማ ላባዋን ነፍታ ወጣች።

«ለመሆኑ ሕጉን ሲያውጁ ሰምተሻል?» ስትል ጠየቀች።

«አልሰማሁም። ቀበሮ ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያው ሕጉን ያወጣውን ሄደሽ ጠይቂው። ውጡ ከተባልንም ከአያ አንበሶ አፍ ሰምተን እንውጣ።»

እመት አህዪት አንበሳ ፊት ከምትቆም ሙሉ ጭነት ተሸክማ ዳገት ብትወጣ ትመርጥ ነበር። ነገር ግን ዶሮዎቹ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩዋት እምቢ ማለት አልሆነላትም። መንገድ ጀመረች።

አያ አንበሶን ከአንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር ተጋድሞ አገኘችው። ራቅ ብላ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ዶሮ ማኖር ተከልክሏል የሚሉት እውነት ነው?»

አንበሳው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «የነገረሽ ግማሹን አስቀርቶብሻል። አምና የዶሮ ኩስ ከምንጩ ገብቶ ሚዳቋዎቹ ታመሙ። ስለዚህ የዶሮ ቤት ከምንጭም ከጎረቤት አጥርም ይራቅ፣ ኩሱ ይጠረግ፣ የሚጮህ አውራ ዶሮም አይኑር ብለናል። ቅሬታ ያለው ጎረቤት ካለም እኔ ፊት ይናገር። ይህን ያሟላ ዶሮውን ያኑር፤ ያላሟላ ቤቱ ይፈርስበታል። ያንቺ እንዴት ነው?»

እመት አህዪት መዋሸት ከጅሏት ነበር፤ ምላሷ ግን አልታዘዘላትም። «አውራ የለንም፤ ከምንጩም ሩቅ ነን። ቤታቸው ግን የአያ ጅቦን አጥር ተደግፎ ነው የቆመው።»

«እንግዲያው ከዚያ አንሺው። ነገ ጠዋት መጥቼ አያለሁ» አለና ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

ስትመለስ እንደ ውርንጭላ እየዘለለች ነበር። የቀረውን ቀን ሙሉ እንጨቱን በጥርሷ እየጎተተች፣ ዶሮዎቹም ሣሩን በአፋቸው እያመላለሱ፣ ቤቱን ወደ ግቢው መሃል አዛወሩት። ኩሱንም ጠርገው ቀበሩት። ቀበሮ ማምሻውን ሲመጣ እመት አህዪት በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ነገ አያ አንበሶ ራሱ ይመጣል። እስከዚያ የትም አይሄዱም» አለችው።

ቀበሮ ፈገግ እንዳለ ተሰናበታት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አያ ጅቦ ቤት ገባ።

«አያ ጅቦ፣ ነገ አያ አንበሶ ስለ ዶሮዎቹ ሲጠይቅህ አልስማማም በል። ቤቱ ሲፈርስ ዶሮዎቹ ይበተናሉ፤ ግማሹ ያንተ፣ ግማሹ የኔ።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። እንዳይረሳውም «አልስማማም፣ አልስማማም» ሲል አደረ።

በማግስቱ አያ አንበሶ አራዊቱን አስከትሎ መጣ። ከዶሮዎቹ ቤት እስከ አጥሩ በእርምጃው ለካ፤ ጎንበስ ብሎም መሬቱን አሸተተ።

«ቤቱ ሕጉ እንደሚለው ነው» አለ። «ጎረቤትስ ምን ይላል?»

«አልስማማም» አለ አያ ጅቦ፣ አንበሳው ተናግሮ ሳይጨርስ።

ገብስማ ከእመት አህዪት እግር ሥር ተሸጎጠች።

«ምናቸው አስቸገረህ?» አለ አንበሳው። «ሽታቸው ነው?»

አያ ጅቦ ወደ ቀበሮ ተመለከተ። ይህን አላስጠናውም ነበር። «ሽታቸውስ ደስ ይላል።»

«ድምፃቸው ነው?»

«እነሱስ ብዙም አይጮኹ። ድምፃቸውን ስሰማ የሚጮኸው የኔ ሆድ ነው።»

«ታዲያ ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ?»

«ቤቱ ይፍረስ።»

«ዶሮዎቹስ የት ይሂዱ?»

«ግማሾቹ ወደኔ፣ ግማሾቹ ወደ ቀበሮ» አለ አያ ጅቦ፤ ወደ ቀበሮም ዞሮ «ትናንት እንዲህ አይደል የተባባልነው?» ሲል ጠየቀው።

ቀበሮ በአራዊቱ መካከል ሹልክ ሊል ሲል ዝንጀሮ ጭራውን ረገጠበት። አያ አንበሶ ወደ ሁለቱም ዞረ።

«ይህ ምሳ ፍለጋ እንጂ ቅሬታ አይባልም» አለ። «ዶሮዎቹ እዚሁ ይኖራሉ። ከነሱ አንዷ የጎደለች ቀን እናንተን ነው የምጠይቀው።»

አንበሳውና አራዊቱ ሄዱ። አያ ጅቦ ምን እንዳጠፋ ቀበሮን እየጠየቀ ተከተለው፤ ቀበሮም እርምጃውን አፈጠነ። ግቢው ጭር ሲል እመት አህዪት ከአቧራው ላይ ተኛችና እግሮቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ ወዲያና ወዲህ ተንከባለለች።

«በዚህ ዕድሜሽ?» አለች ገብስማ እየሳቀች።

«ተይኝ እስቲ» አለቻት እመት አህዪት። «ከትናንት ወዲህ ገና አሁን መተንፈሴ ነው።»

ከዚህ የምንማረው ሕግ አለ ብለው ሲያስፈራሩን ያለንን አሳልፈን ከመስጠታችን በፊት፣ ሕጉ ምን እንደሚል ራሳችን ጠይቀን መረዳትና የሚጠበቅብንን አሟልተን መገኘት እንዳለብን ነው።